የቦሎኛ ሕግ በሆሳዕና ድስት

ሆሳዕና ውስጥ ቆጮ ያልቀረበበት ድግስ ድግስ አይባልም፤ ሜኑው ላይ ፓስታ ያልጻፈ ምግብ ቤት ደግሞ ፈልጋችሁም አታገኙም። ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በወራቤ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ መናኸሪያ የወረደ መንገደኛ አጠገቡ ካለው ቤት ገብቶ «ምን አለ?» ቢል አስተናጋጇ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ታወርድለታለች፦ «ክትፎ፣ ጥብስ፣ ቅቅል፣ ፓስታ በስጎ፣ ፓስታ በአትክልት፣ ሩዝ በስጎ፣ ሩዝ በአትክልት።» ዱራሜ ቢሄድ፣ ሺንሺቾ ቢያድር፣ ሾኔ ላይ ጎማ ቢተነፍስበት ዝማሬው ያው ነው። ክትፎው «አልቋል» ሊባል ይችላል። ጥብሱም «ሥጋ ገና አልመጣም» ይባልበታል። ፓስታ አለቀ ሲባል ግን እኔ በዕድሜዬ አልሰማሁም።

ይህ ሁሉ በጣዕሙ ነው እንዳልል አፌን ይይዘኛል። ምስጢሩ ሌላ ነው። ከየወረዳው ለሥልጠና የተሰበሰቡ ሠራተኞች ለምሳ ሲወጡ ተከትላችሁ ተመልከቱ። አንዱ ሙስሊም ነው። አንዱ ፕሮቴስታንት ነው። አንዷ ኦርቶዶክስ ናት፣ ቀኑም ረቡዕ ነው። አራተኛው ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን አበሉን ለቤቱ ሊያተርፍ የመጣ ነው። ሥጋ ከታዘዘ «ማን አረደው?» ይመጣል፤ ገበታው ለሁለት ይከፈላል፣ ጾመኛዋ ለብቻዋ ጥግ ትይዛለች፣ ቆጣቢው «እኔ ጠግቤያለሁ» ብሎ ሻይ ያዛል። ፓስታ በስጎ ሲታዘዝ ግን አራቱም አንድ ትሪ ይከባሉ። ቲማቲም አራጅ የለውም። ቄሱም ሼኩም ፓስተሩም አንድ ቃል የሚሆኑበት ምግብ አገራችን ውስጥ ብዙ አይደለም። ሽሮ አንዱ ነው፤ ነገር ግን በአበል ቀን ሽሮ የሚያዝ ሰው እስካሁን አልተወለደም።

ይህን የእርቅ ምግብ ያመጡልን ሰዎች ለእርቅ የመጡ አልነበሩም። ፓስታ በአገራችን በሰፊው የተዛመተው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ዘመን ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያስቀኝ አንድ ሰው አለ። ፊሊፖ ቶማሶ ማሪኔቲ የተባለ ጣሊያናዊ ባለቅኔ፣ የፉቱሪስቶች አለቃ፣ እ.ኤ.አ. በ1930 መጨረሻ «ፓስታ ከጣሊያን ምድር ይጥፋ» የሚል ዘመቻ ከፈተ። ፓስታ ሕዝቡን ሆዳም፣ ዘገምተኛና ተስፋ ቢስ አድርጎታል፤ ፓስታ የሚበላ ሰው ለጦርነት አይሆንም ነው ነገሩ። አምስት ዓመት ቆይቶ ይኸው ሰው ስልሳ ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው በገዛ ፈቃዱ ዘመተና ኢትዮጵያን ሊወር ከመጣው ጦር ጋር ተሰለፈ። ጦሩ ተባርሮ ወጣ፤ ፓስታው ቀረ። ማሪኔቲ ዛሬ ተነሥቶ የሆሳዕናን የምሳ ሰዓት ቢያይ በሁለቱም ግንባር መሸነፉ ይገባው ነበር።

ከምባታ ውስጥ ደግሞ ፓስታ ሲገባ ከመንጋጋ በፊት የተቸገረው ምላስ ነው። በከምባታ ባህል ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻም አይደለም፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምሩትን ሌሎች ቃላትም ትሸሻለች። ባሊሻ ይሉታል። እንግዲህ የባሏ አባት ማቴዎስ የሆነ ሴት ማካሮኒ ልትል አትችልም ማለት ነው። በባለቤቴ ወገን ያሉ አንዲት አክስት «ያ ቀዳዳው» ነው የሚሉት። ልጆች ሱቅ ተልከው «ያ ቀዳዳው ግማሽ ኪሎ» ሲሉ ባለሱቁ ምንም ሳይጠይቅ ይመዝንላቸዋል። ልማዱ አሁን አሁን ከተማ ውስጥ እየላላ ነው። አክስታችን ግን አልላሉም።

እኔ ከሀዲያ፣ ከሌሞ ነኝ፤ ባለቤቴ ከከምባታ፣ ከዱራሜ ናት። ስለዚህ እኛ ቤት ስለ ምግብ ሲነሣ የሚከራከሩት ባልና ሚስት ሳይሆኑ ሁለት ዞኖች ናቸው። የዚህኛውን ክርክር የጫረችው ግን ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጃችን ናት። ስልኳ ላይ አንድ ጣሊያናዊ ሽማግሌ፣ የሌላ አገር ሰዎች ስጎ ሲሠሩ እያየ የሚራገምበትን ቪዲዮ አግኝታ ኖሮ፣ «አባዬ፣ እኛ እስከ ዛሬ የበላነው እኮ ፓስታ አይደለም» አለችኝ። ይህን ተብሎ ዝም የሚል አባት የለም። «በይ እንግዲያው ትክክለኛውን እንሥራ» ተባለ። ትክክለኛው የቱ ነው ብለን ስንፈልግ ነገሩ ሕግ ያለው ሆኖ ተገኘ።

ቦሎኛ በሰሜን ጣሊያን ያለች ከተማ ናት። እኛ በሥጋ ስጎ የምንለው የዚያች ከተማ ራጉ የሩቅ ዘመድ ነው። የጣሊያን የምግብ አካዳሚ የሚባል ማኅበር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 17 ቀን 1982 የራጉውን አሠራር በከተማዋ ንግድ ምክር ቤት እንደ ይዞታ ካርታ አስመዘገበው። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ማሻሻያ ወጣለት። ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1972 የፓስታው ስፋት ተመዝግቧል፤ ታሊያቴሌ የተባለው ዝርግ ፓስታ ከተቀቀለ በኋላ ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ይህም አሲኔሊ የሚባለው የከተማዋ ግንብ ቁመት ለ12,270 ሲካፈል የሚገኘው ነው። ናሙናው በወርቅ ተሠርቶ ምክር ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል። ይህን ራጉ በስፓጌቲ መብላት በቦሎኛ ሰው ፊት ነውር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የከተማዋ ከንቲባ በዓለም ላይ «ስፓጌቲ ቦሎኔዝ» እየተባለ የሚሸጠውን ሁሉ የሐሰት ዜና ነው እስከ ማለት ደርሰዋል።

ከንቲባ ስለ ፓስታ መግለጫ የሚሰጥበት አገር የውኃና የመንገድ ጉዳይ ያለቀለት መሆን አለበት።

ይህን ሳነብ አታካና ትዝ አለኝ። ያሆዴ የሚባለው የሀዲያ በዓል ሲደርስ ቡላው በቅቤና በወተት እየተማሰለ፣ ቅቤው ዳር ዳሩን እየፈለቀ የሚወርደው አታካና የት ተመዘገበ? የትም። ይመዝገብ ቢባልስ? የሌሞና የሶሮ እናቶች በቅቤው ልክ ላይ ሳይስማሙ የምክር ቤቱ ሠራተኞች ጡረታ ይወጣሉ። የባደዋቾ እናቶች ዘግይተው ደርሰው ነገሩን እንደ አዲስ ያስጀምሩታል። ከምባታዎች ደግሞ የመሳላ በዓላቸውን ገበታ ይዘው መጥተው «መጀመሪያ የእኛ ይጻፍ» ይላሉ፤ የእኔ ባለቤት ከፊት ሆና። በወርቅ የሚሠራ ናሙና ቢያስፈልግ ደግሞ የቅቤው ቅል ራሱ በቂ ነበር።

ወደ ዝርዝሩ ገባን። የ2023ቱ ሕግ እንዲህ ይላል፦ ሻካራ ሆኖ የተፈጨ የበሬ ሥጋ 400 ግራም፣ ፓንቼታ 150 ግራም፣ ሽንኩርት 60 ግራም ያህል፣ ካሮት እንዲሁ፣ ሰለሪ እንዲሁ፣ አንድ ብርጭቆ ወይን፣ የተጠለለ ቲማቲም 200 ግራም፣ አንድ ማንኪያ ሳልሳ፣ መረቅ፣ ከተፈለገም ወተት።

«60 ግራም ሽንኩርት ስንት ነው?» አለች ባለቤቴ።

ልጃችን አንድ ራስ ሽንኩርት አንሥታ ለሁለት ሰንጥቃ ግማሹን ዘረጋችላት። እናቷ ግማሹን ሽንኩርት ብዙ ተመለከተችው።

«ይቺ ለማሽተቻ ናት?»

የሐበሻ ወጥ የሽንኩርት ምግብ ነው። ሥጋ ለስሙ ይገባበታል እንጂ ድስቱን የሚሞላው፣ መረቁን የሚያወፍረው፣ ጣፋጭነቱን የሚሰጠው ቀስ ብሎ የተቁላላ ሽንኩርት ነው። ቦሎኛዎች በተቃራኒው በሥጋ ላይ ቆመው ሽንኩርትን እንደ ቅመም ያዩታል። ልዩነቱ የጣዕም ብቻ ሳይሆን የከብት ነው ብዬ አስባለሁ፤ በግማሽ ሽንኩርት 400 ግራም ሥጋ የሚበላ ሰው ሥጋ ብርቁ ያልሆነ ሰው ነው። እኛ ዘንድ በ400 ግራም ሥጋ ቤተሰቡ በልቶ ለጎረቤት ይተርፋል፤ የሚያተርፈውም ሽንኩርቱ ነው።

የተከለከሉት ሲነበቡ ደግሞ ባሰ። ነጭ ሽንኩርት አይገባም። የጥብስ ቅጠል አይገባም። ሌላም ቅመም ሆነ ቅጠል አይገባም። በዱቄት ማወፈርም አይቻልም።

«ነጭ ሽንኩርትን ማን ከለከለ?»

«አካዳሚው፣ እማዬ።»

«እንግዲያው አካዳሚው መጥቶ ይብላዋ!»

ፓንቼታው ላይ ክርክር አልነበረም። ከአሳማ ሆድ የሚወጣ ሥጋ ነው፤ በእኛ ከተሞች ደግሞ ሌላው ሁሉ ቢለያይ በአሳማ ነገር አብዛኛው ሕዝብ አንድ ድምፅ ነው። የፓንቼታው ሥራ ግን ግልጽ ነው፤ ስቡን ቀስ እያለ እየለቀቀ ቀዩን ሥጋ ከመድረቅ ያድነዋል። «ታዲያ ሻኛ ምን ሊሠራ ተፈጠረ?» አለች ባለቤቴ። እኔ አካዳሚውን ብሆን በዚያች ደቂቃ የክብር አባል አደርጋት ነበር። ሥጋ ቤት ሄጄ ሻኛ ለስጎ መሆኑን ስናገር ግን ባለ ሥጋ ቤቱ ቢላዋውን አስቀመጠ። «ሻኛ ይጣዳል እንዴ? በጥሬው የሚበላ ሥጋ!» አለኝ፤ እንደ ወንጀለኛ እያየኝ ቆርጦ ሰጠኝ። የመጨረሻዋን ቁራጭ አፉ ውስጥ ሲጨምራት አይቻለሁ።

ሰለሪ ገበያ ውስጥ አልተገኘም። ሻጮቹ በየተራ ጎመን፣ ጤና አዳምና በሶብላ አቀረቡልኝ። ያለ ሰለሪ ይሁን ተባለ።

ወይኑ ላይ ነው ቤቱ የተናጋው። ወይን ሱቅ ውስጥ ሞልቷል። ችግሩ መግዛቱ ሳይሆን ሲገዙ መታየቱ ነው። የእኛ ሰፈር ሰው እሑድ ጠዋት አብዛኛው ወደ ቃለ ሕይወት ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ የሚተም ነው፤ ግድግዳ የሚጋራን ጎረቤታችን ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ልጃችን «አልኮሉ እኮ በእሳቱ ይተናል» ብላ ማስረዳት ጀመረች። እውነቷን ነው፤ ረጅም ሰዓት ሲንተከተክ አብዛኛው ይሄዳል።

«አልኮሉስ ይትነን» አለች እናቷ፣ «ጠርሙሱስ?»

ለዚህ ኬሚስትሪ መልስ የለውም። ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ማዳበሪያውን ሲያነሡ የሚንቀጫቀጨውን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። በወይኑ ፈንታ የአጥንት መረቅና ጥቂት ሎሚ ገባ። የወይኑ ሥራ በአመዛኙ መጎምዘዙ ነውና ሎሚው ቦታውን አላሳፈረም።

ፓስታውን ደግሞ እቤት ልንሠራ ነው። እዚህ ላይ ስለ ስንዴ ትንሽ ታገሡኝ። ደረቅ ፓስታ ጣሊያን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በሕግ ከዱረም ስንዴ ብቻ ነው የሚሠራው። ዱረም ጠንካራ ስንዴ ነው፤ ሲቀቀል ቅርጹን ይዞ ይቆያል። አገራችን ለዱረም እንግዳ አይደለችም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 መጥቶ የዱረም ዓይነቶቻችንን ብዛት ሲያይ ተገርሞ ዘር እየሰበሰበ ሄዷል። ቢሆንም ከሱቅ በርካሽ የምንገዛው ፓስታ ብዙ ጊዜ የዳቦ ስንዴ የተቀላቀለበት ስለሆነ ዞር ብላችሁ ስትመለሱ ድስቱ ውስጥ ገንፎ ይጠብቃችኋል። የ«ያ ቀዳዳው» አክስት ይህን ትምህርት ቁጭ ብለው ሲሰሙ ቆይተው «ዱረም? ከዱራሜ ነዋ የወሰዱት!» አሉ። ከሳቸው ጋር የተከራከረ የለም።

ትኩሱ ታሊያቴሌ ግን ዱረም አይፈልግም። የዳቦ ስንዴ ዱቄትና እንቁላል ነው፤ ለ100 ግራም ዱቄት አንድ እንቁላል። ይህ ለሀዲያ የምሥራች ነው፤ ስንዴ በአካባቢያችን ሞልቷል፣ ወፍጮ ቤቱም ቅርብ ነው። የሚያስቸግረው እንቁላሉ ነው። ሕጉ ሲጻፍ የታሰበው የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ነው፤ የእኛ የሐበሻ ዶሮ ደግሞ ስትጥልም ቁጥብ ናት። ሁለቱን የእነሱን በሦስት የእኛ መንዝረን ለወስን። ሊጡ እርጥብ እንደሆነ አይዳመጥም፤ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ታሽቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ተሸፍኖ ማረፍ አለበት። መዳመጫ ስላልነበረን ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ታጥቦ ቀረበ፤ ይህኛው ጠርሙስ የሚያሳፍር አልነበረም። ልጃችን የትምህርት ቤት ማስመሪያዋን አውጥታ 8 ሚሊ ሜትር እየለካች ቆረጠች። ሲቀቀል ይሰፋል ብላ አንድ ሚሊ ሜትር ስትቀንስ አየኋት፤ ልጄ መሆኗን ያረጋገጥኩት ያኔ ነው። እናቷ ማስመሪያውን አይታ «ለቆጮ ልኬት አውጥተን ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ በረሃብ አልቀን ነበር» አለች።

ራጉው ከማለዳ ጀምሮ ከሰል ላይ ነው። መጀመሪያ ሻኛው ተከትፎ በራሱ ስብ ቀለጠ። ከዚያ ሽንኩርትና ካሮት ደቅቀው ገቡ፤ ሽንኩርቱ ግማሽ ራስ መሆኑን የሚያረጋግጥ ምስክር ስላልነበረ ስለ መጠኑ ምንም አልልም። ሥጋው ቀጠለ፤ ውኃውን ጨርሶ ቺስ ቺስ እስኪል ድረስ ተተወ። መረቅና ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ሳልሳ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው፤ ሁለት ሰዓት፣ ቢቻል ሦስት፣ በለሰለሰ እሳት። ወተቱ በመጨረሻ ጠብ ጠብ እየተደረገ ይገባል፤ የቲማቲሙን ጎምዛዛነት ያለዝበዋል። እዚህ ላይ ብቻ ቦሎኛና ሁለቱ ዞኖች ሳይከራከሩ ተስማሙ። እንሰትን ፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ቀብሮ ቆጮ እስኪሆን ወራት የሚጠብቅ ሕዝብ ለሦስት ሰዓት ድስት አይነጫነጭም። እንዲያውም አመድ የለበሰ ከሰል ለዚህ ሥራ ከማንኛውም ዘመናዊ ምድጃ ይበልጣል። መብራቱ እንደ ልማዱ እኩለ ቀን ላይ ሄደ፤ ድስቱ ግን አላወቀም።

የፓስታው መቀቀል ላይ ጣሊያናዊው ሽማግሌ በስልክ ሊያዘን ሞከረ። «ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ አውጡ» ይላል። ሽማግሌው የማያውቀው ሆሳዕና ወደ 2,200 ሜትር ከፍታ ላይ መሆኗን ነው። ውኃ ባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ እኛ ዘንድ 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መንፈቅፈቅ ይጀምራል፣ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ እሽግ ላይ «8 ደቂቃ» የሚል ስፓጌቲ እዚህ ጥቂት ደቂቃ ይጨመርለታል። ጥርስ ሲይዘው ትንሽ የሚታገል መሆን አለበት የሚሉት ነገር አለ፤ ባለቤቴ ቀምሳ «የሚታገል ነገር ጥሬ ነው» አለች። በመካከል ተስማማን።

ወተቱ ተመጥጦ ራጉው ሲወርድ፣ እኔ ፊቴን ወደ ከሰሉ አዙሬ ሳለሁ አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ድስቱ ውስጥ ገብቷል። ማን እንደጨመረው አልተጣራም። ኮረሪማው ግን ከድስቱ ወጥቶ ቤቱን ሞላው። ቀመስኩ። ቦሎኛ ውስጥ ያሳስር ይሆናል፤ እኛ ቤት ማንኪያ ያስመልሳል።

እንግዲህ ልንቆርስ ስንል ዝናቡ መጣ፣ ከዝናቡ ጋር ጎረቤት መጣ። ወሩ ነሐሴ ነው። ሽማግሌው ጎረቤታችን ጃንጥላቸውን አራግፈው ገቡ። ከማዶ ሱቅ ያለው ሙስሊም ወዳጄ ከነልጁ ተጠለለ። ባለቤቴ የምትወዳቸው እትዬም ነጠላቸውን ተከናንበው ደረሱ፤ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ጾሙ ፍልሰታ ነው። ቤት የገባ ሰው ሳይቀምስ አይወጣም። «እንብላ» ተባለ፣ ድስቱ ተከፈተ፣ ሽታው ሁሉንም ዞረ። ሽማግሌው አፍንጫቸውን ቀሰር አድርገው ሲያሸቱ ስለ ጠርሙሱ ጉዳይ ባለቤቴ አርቃ ማሰቧ ገባኝ።

«ሥጋ አለበት?» አለ ወዳጄ፣ በጨዋ ደንብ።

«አለበት።»

«እኔ አሁን ነው የበላሁት፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

እትዬም «ጾም ነው ልጆቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ። ንግድ ምክር ቤት የተመዘገበው ራጉ፣ ከማለዳ ጀምሮ የተለፋበት፣ ሻኛ የፈሰሰበት፣ በማስመሪያ የተለካ ፓስታ ያጀበው፣ ቤቱን በአንድ ደቂቃ ለሦስት ከፈለው።

ባለቤቴ አንድም ቃል አልተናገረችም። ጓዳ ገባች፤ ሌላ ድስት ጣደች። ከሱቅ የተገዛ ስፓጌቲ ለሁለት ሰበረች፤ ጣሊያኑ ይህን ቢያይ ስልኩ ውስጥ ራሱን በሳተ ነበር። ሽንኩርት ያለ ግራም ከተፈች፣ የተከለከለውን ነጭ ሽንኩርት እፍኝ ሙሉ ወቀጠች፣ ዘይት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ። ሽንኩርቱን ብቻ አላቻኮለችውም። ዝናቡ ሳያባራ ትሪው ቀረበ፣ ከጎኑ እንጀራና ዳጣ። ሁሉም እጁን ታጥቦ ከበበው። ወዳጄ ጠግቤያለሁ ማለቱን ረሳው። ሽማግሌው ጸለዩ፣ እትዬ አማተቡ፣ ወዳጄ ቢስሚላህ አለ። ልጃችን፣ ያቺ የታሊያቴሌ ጠበቃ፣ ራጉውን ትታ በእንጀራ ስፓጌቲ ስትጠቀልል አየኋት።

በእጅ መበላቱ የሚያሳፍረው ካለ፣ ኔፕልስ ውስጥ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ተራው ሕዝብ መንገድ ላይ ቆሞ ማካሮኒን በእጁ ወደ ላይ እያንጠለጠለ ነበር የሚበላው። ለአገር ጎብኚ የሚሸጥ ፎቶግራፍም ነበረው። እነሱ ያለ እንጀራ ነው የተቸገሩት።

ራጉው አልተጣለም። ማታ ታሊያቴሌው አልቆ ስለነበር በቆጮ በላነው። ይህን ያለ ይሉኝታ እናገራለሁ፤ ራጉ በቆጮ፣ ራጉ በታሊያቴሌን ያስንቃል። ቆጮው ኮምጠጥ ስለሚል የሻኛውን ስብና የወተቱን ጣፋጭነት ይቆርጠዋል፤ ፓስታ ይህን ማድረግ አይችልም። ሥጋ የሚበላ ቤተሰብ ለብቻው ሲሆን ይሞክረው። ነጭ ሽንኩርቱንም ይጨምርበት፤ አካዳሚው ሩቅ ነው። ሰው የሚጠራ ግን ራጉውን ይተውና የቲማቲሙን ስጎ ይሥራ።

አቤቱታዬ ለቦሎኛ አይደለም፤ ለሆሳዕና፣ ለዱራሜ፣ ለሺንሺቾና ለሾኔ ምግብ ቤቶች ነው። ፓስታውን ጠዋት ቀቅላችሁ ሳፋ ላይ ዘርግታችሁ ምሳ ሰዓት ላይ በዘይት እያሞቃችሁ አትስጡን። ስናዝ ቀቅሉት፤ ዐሥራ አምስት ደቂቃ መጠበቅ እንችላለን፣ ለክትፎም እኮ እንጠብቃለን። በዘይት የተበጠበጠ ሳልሳ ስጎ አይደለም፤ ሽንኩርቱን አብስሉት። ዳጣውን በነፃ መስጠታችሁን ግን እንዳታቆሙ።